ማረም ያቆምኩባት ጥግ

ጓሮዬ ብትበዛ አራት በስድስት ሜትር ናት። ኮተቤ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ፣ ከሰርቪሱ ጀርባ። ለዓመታት ጣውላና የተሰበረ ወንበር ሲጠራቀምባት ኖሯል። የአንድ እስር ጎመን ዋጋ በየሳምንቱ ሲጨምር ሳይ ነው ዶማ ያነሳሁት።

በመጀመሪያው ዓመት ጓሮ ማለት ንጹሕ መሬት ይመስለኝ ነበር። አንድም አረም እንዳይታይ። ከሥራ ስመለስ ኩትኮታ፣ ቅዳሜ ኩትኮታ፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልብሴን ቀይሬ ኩትኮታ። ጎረቤት "እንዴት ያምራል!" ሲለኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ግንቦት ላይ የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ዘርቼ፣ ሰኔ መጨረሻ ችግኙን ወደ መደብ አዛወርኩ። ከዚያ ሐምሌ መጣ። የእኛ መሬት ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውሃ ይዞ አይለቅም። መደቡን ከፍ አላደረግኩትም ነበርና የጎመኑ ሥር ውሃ ውስጥ ከረመ፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቲማቲሙንማ ተዉት። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎ ባየሁ በሳምንቱ ሁሉም የፈላ ውሃ የተደፋበት መሰለ። አሁን ቲማቲም የምተክለው ዝናቡ ካባራ በኋላ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ የተረፈው ጎመን አገግሞ ደስ ሲለኝ ክሽክሽ የሚባል ደቃቅ ተባይ ወረረው። ቅጠሉን ስገለብጠው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ይንቀሳቀሳል። አመድ ነሰነስኩ፣ የሳሙና ውሃ ረጨሁ። በመሃል ጥቁር፣ ጎኗ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያላት፣ አዞ የመሰለች ትንሽ ነፍሳት አየሁና ሌላ ተባይ መጣ ብዬ እየለቀምኩ በጣቴ ጨፈለቅኳት። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ለካስ የዚያች ቀይ፣ ጥቁር ነጥብ ያላት ጥንዚዛ ልጅ ናት። ክሽክሹን የምትበላልኝ እሷ ነበረች። ይህን ያወቅኩት አንዷ ስታመልጠኝ ቅጠል ላይ ተጣብቃ፣ ከቀናት በኋላ ጥንዚዛ ሆና ስትወጣ በዓይኔ አይቼ ነው። ያን ቀን አፈርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ሥራ በዛብኝና በአጥሩ በኩል ያለችውን ጥግ ሳላርማት ከረመች። አስቤበት አይደለም፣ ስንፍና ነው። ሳማ በቀለ፣ አሉማ በቀለ፣ መጭና አደይ አበባ በቀሉ። ነሐሴ ላይ ማጭድ ይዤ ስገባ ጎረቤታችን እማማ በአጥሩ ክፍተት አዩኝ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ላጸዳው ነው፣ እማማ።"

"እኔ ሰፈር ለሰፈር ዞሬ የማጣውን ሳማ አንተ ልትጥለው? በል ተወው!"

እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡና ለጋ ለጋውን ቀነጠሱ። ቀቅለው፣ በማማሰያ መትተው፣ ትንሽ የሽሮ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምረው ማታ በሳህን ላኩልን። ከተቀቀለ በኋላ መለብለቡ ጠፍቷል። ከተከልኩት ጎመን ይልቅ ያልተከልኩት ሳማ ጣፈጠኝ ብል ማጋነን አይደለም።

ጥጓን ተውኳት። አደዩ ሲፈነዳ ንቡ፣ ቢራቢሮው፣ አየር ላይ ቆማ የምታንዣብበው ተርብ የምትመስል ዝንብ ሁሉ መጣ። የዚህች ዝንብ ልጆችም ክሽክሽ በሊታ ናቸው፣ እናትየዋ ግን አበባ ካላገኘች አትመጣም። በዚያ ዓመት ክሽክሹ ጨርሶ አልጠፋም፣ ውሸት አልናገርም። ግን አመድ የነሰነስኩት አንዴ ብቻ ነው። ጥጓ አጠገብ ያለው ዱባም ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያዘ፣ ንቡ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ሁሉንም ልቀቁት እያልኩ ግን አይደለም። ሰርዶ ምሕረት የለውም። አንድ ክረምት ችላ ካላችሁት በመሬት ውስጥ ሾልኮ ካሮቱ መሃል ብቅ ይላል፣ ቁራጩ ከቀረ ደግሞ እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በእጄ እየተከተልኩ ከነሥሩ ነው የምነቅለው። አስተናግርንም አላስተርፍም፣ መርዝ ነው፣ ግቢው ውስጥ ልጆች ይሮጣሉ። አሉማው ዘር ከመያዙ በፊት ለጋውን ከጎመን ጋር እቀቅለዋለሁ፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት መደቡን ይወርሰዋል። አደዩን ግን ደርቆ ዘሩ እስኪረግፍ፣ እስከ ኅዳር አልነካውም። ቀንድ አውጣ እዚያ መደበቁ አልቀረም፤ ከዝናብ በኋላ ማታ ማታ በባትሪ እለቅማለሁ።

እናቴ አልወደደችውም። "እባብ ይገባበታል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል" ትላለች። እንግዳው እንዳያየው ከፊት ለፊት ጤና አዳምና ዳማከሴ ተከልኩላት፣ ትንሽ በረደላት። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ አደይ ከመንገድ አልገዛችም። መቀስ ይዛ ወደ ጓሮ ስትሄድ አየኋትና ዝም አልኩ። ጥጓን ግን አሁንም "ያንተ ጫካ" ነው የምትላት።