ስፖኪዮዬ የራሴን መኪና ሲያሳየኝ

ለብዙ ዓመታት ስፖኪዮዬን የማስተካክለው የኋላ በሬ እጀታ በግልጽ እስኪታየኝ ድረስ ነበር፤ መንጃ ፈቃድ ስማር የተነገረኝም፣ እኔ በተራዬ ለልጄ ያሳየሁትም ይህንኑ ነው። ስህተቴን የነገረኝ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያገኘሁት አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ፍሬቻ አብርቼ፣ የውስጡንም የጎኑንም መስታወት ተመልክቼ፣ ቀኝ ጠርዝ ይዤ ልቆም ስታጠፍ ባጃጁ ከኋላ በሬ ትይዩ ኖሮ በፍሬን ለጥቂት ተረፍን። «አቦ ጋሼ፣ ከጎንህ ነበርኩ እኮ!» አለኝ። (ድሬዳዋ ላይ ሽበት አንቱታን አያስገኝም።) እውነቱን ነው፤ ከጎኔ ነበር፣ እኔ ግን በየትኛውም መስታወት አላየሁትም።

ነገሩ ሲገባኝ አፈርኩ። ስፖኪዮ ወደ መኪናው አካል አጥብቆ ሲዞር የሚያሳየው በአብዛኛው የውስጡ መስታወት አስቀድሞ ያሳየንን የኋላ መንገድ ነው፤ በሦስት መስታወት አንዱን ቦታ እየደጋገምን ስናይ፣ ከኋላ በር ጎን ያለው ክፍል ከሁሉም ውጭ ይቀራል፤ ጠባብ የሆነው ባጃጅ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሰወራል።

ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ መሐንዲስ በ1995 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ያሳየውን አቀማመጥ ዛሬ እኔም እከተላለሁ። መቀመጫዬን ካስተካከልኩና የውስጡ መስታወት የኋላውን መስኮት በሙሉ እንዲያሳየኝ ካደረግኩ በኋላ፣ ጭንቅላቴን ከግራ መስኮቱ ጋር አስጠግቼ የመኪናዬ ጎን በጭንቅ እስኪታይ ድረስ የግራውን ስፖኪዮ ወደ ውጭ እገፋለሁ፤ ለቀኙ ደግሞ ወደ ሁለቱ ወንበሮች መካከል ዘንበል ብዬ እንዲሁ አደርጋለሁ። ቀና ብዬ ስቀመጥ የራሴ መኪና ከስፖኪዮው ይጠፋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ያስጨንቃል። ነገር ግን የሚቀድመኝ መኪና ከውስጡ መስታወት ሳይወጣ በስፖኪዮው ብቅ ይላል፣ ከስፖኪዮው ሳይወጣም በዓይኔ ጠርዝ ይታየኛል። ወደ ኋላ ስገባ የጎማውን አጠገብ ለማየት ዘንበል ማለት ግድ ነው፤ ጉዳቱ ይህ ብቻ ነው። ከመታጠፌ በፊት አንገቴን ማዞርንም አልተውኩም፤ መጋላ አካባቢ ባጃጅ ከየት እንደሚመጣ መስታወት ብቻውን አይነግርምና።

ሌላው የሚያታልለኝ የነበረው ርቀት ነው። የቀኙ ስፖኪዮዬ ወደ ውጭ የጎበጠ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ነገር ግን ከኋላ የሚመጣውን አሳንሶ ያርቀዋል፤ ስለዚህ ርቀቱን የምገምተው ጠፍጣፋ በሆነው በውስጡ መስታወት ነው።

ማታ ከሐረር ስመለስ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስወርድ ከኋላዬ የተጠጋ አይሱዙ መብራት ዓይኔን ቢወጋው ከውስጡ መስታወት ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ እገፋለሁ። መስታወቱ ከላይና ከታች ውፍረቱ የተለያየ በመሆኑ፣ ሲዘነብል ብር የተቀባው ጀርባው ወደ ጣሪያው ይመለከታል፣ ወደ ዓይኔ የሚደርሰውም የፊቱ ገጽ የሚመልሰው 4 በመቶ ገደማ ብርሃን ብቻ ይሆናል። የእኔ ስፖኪዮዎች ግን እንዲህ ያለ ማንሻ የላቸውም፤ ስለዚህ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ስደርስ ቀኜን ይዤ ከባዱን መኪና አሳልፋለሁ።