ስንዴው የሚቸኩልበት አገር

አሰላ ላይ የካቲት ሲጋመስ ስንዴ ጎተራ ከገባ ቆይቷል። ማሳው ላይ የቀረው ቃርሚያና ከብት ነው። ስለዚህ ጓደኛዬ ደውሎ «ቶሎ ነይ፣ ስንዴው ፍሬ እየሞላ ነው» ሲለኝ ግር አለኝ። የደወለው ደግሞ ከአፋር፣ ከመልካ ወረር ነው። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነው የተማርነው። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆንኩ። እሱ ስንዴ ሙቀትን እንዴት እንደሚችል እያጠና ሁለተኛ ዲግሪውን ይሠራል።

ሐሙስ ንጋት 12 ሰዓት ተነሳሁ። አዳማ መኪና ቀየርኩ። መተሐራን እንዳለፍን በመስኮት የሚገባው ንፋስ ወላፈን ሆነ። አዋሽ ሰባት ላይ ረዳቱ ለሻንጣዬ 150 ብር ጠየቀኝ። ሻንጣው ጭኔ ላይ ነው! ጣሪያ አልወጣ፣ የሰው ቦታ አልያዘ። ተከራከርኩ፣ መኪናው ሙሉ ሰው ዝም አለ፣ ከፈልኩ። ገንዘቡን ሳይሆን ዝምታውን ነው እስካሁን ያልረሳሁት። እኛ ዘንድ ቢሆን አንዲት እናት ተነስታ ረዳቱን ልክ ታስገባልኝ ነበር።

ቀጥሎ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ግን አንድ ሽርጥ ያገለደሙ የአፋር አዛውንት አጠገቤ ተቀመጡ። ፊቴን አይተው የመስኮቱን ቦታ ለቀቁልኝ። የያዙትን ሃይላንድ ውሃም ከፍተው ሰጡኝ። «ጠጪ ልጄ፣ ደጋ ነሽ መሰለኝ» አሉኝ። መኪናው በቆመ ቁጥር ከሚገባው ሰው ጋር ረጅም ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ግጦሹ እንዴት ነው። ዳጉ የሚባለው የወሬ ልውውጥ ይህ ነው። ግራና ቀኙን የወረሰውን እሾሃማ ዛፍ ስጠይቃቸው «ደርጊ ሐራ» አሉኝ፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። እኛ ክፍል ውስጥ ፕሮሶፒስ እያልን የምናስተምረው ነው። ከቅጠሉ የሚወጡት ንጥረ ነገሮች ሌላ ተክል እንዳይበቅል እንደሚያደርጉ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ነግሬያለሁ። እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት፦ «ከሥሩ ሣር የለም፣ ሣር ከሌለ ላም የለም።»

ወረር 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ደረስኩ። አልጋ በ700 ብር ያዝኩ። ማራገቢያ አለው ተብዬ ነው የተከራየሁት። ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያውም ቆመ። አጎበሩ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። አሰላ በሁለት ብርድ ልብስና በጋቢ ነው የምተኛው። እዚህ ፍራሹ ራሱ ትኩሳት የያዘው ሰው ይመስላል። በመጨረሻ ነጠላዬን ባልዲ ውስጥ ነክሬ ጨመቅኩትና ለብሼው ተኛሁ። ነጠላው እስኪደርቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲደርቅ ነቃሁ፣ እንደገና ነከርኩ። እንዲህ እያልኩ ነጋ።

ጠዋት ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው «ስንዴውም የሚያደርገው እኮ እሱኑ ነው» አለኝ።

ማሳው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ቁመቱን ነው። የኛ ስንዴ ወገብ ይደርሳል። ይኼ ጉልበቴን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ግን ዛላ ይዟል፣ አረንጓዴ ነው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኛ ቤት ሐምሌ ተዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ይታጨዳል። እዚህ የሚዘሩት እኛ ማጭዳችንን ስንስል ነው፤ ቀዝቀዝ ያሉትን ወራት ለመጠቀም። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ወረር 740 ሜትር ገደማ። ለዚህ ቆላ ተመርጠው የወጡ ዝርያዎች አሉ፤ ፈንታሌ፣ አሚባራ፣ ሉሲ ይባላሉ። ስማቸው ከዚሁ አገር የወጣ መሆኑ ደስ አለኝ።

ጓደኛዬ ግማሹን ማሳ ሆን ብሎ አዘግይቶ ዘርቶታል። ፍሬ የሚሞላበት ጊዜ ከሙቀቱ ጋር እንዲገጥምለት ነው። የተጎዳውን ዛላ በእጄ ፈትጌ አየሁት። ፍሬው ቀጭንና የተጨማደደ ነው። ስንዴ ሲሞቀው ይቸኩላል። ፍሬውን ሳይሞላው ያደርቀዋል። የዓለም ሙቀት በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዓለም የስንዴ ምርት 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ተሰልቷል። ቁጥሩን ለዓመታት አውቀዋለሁ። መዳፌ ላይ ሳየው ግን ሆዴ ተረበሸ። የናቴ ማሳ ታወሰኝ።

በኮሮና ጊዜ ግንባራችን ላይ የሚደገነውን ቴርሞሜትር የሚመስል መሣሪያ ሰጠኝና ወደ ስንዴው አነጣጠርኩ። አየሩ 36 ዲግሪ ነው። ውሃ የጠጣው ስንዴ ቅጠል 30 አለ። ስድስት ዲግሪ! ከሥሩ የሳበውን ውሃ በቅጠሉ እያተነነ ራሱን ያቀዘቅዛል። ያ እርጥብ ነጠላዬ ማለት ነው።

ቀጥሎ ያሳየኝን እስክሞት አልረሳውም። ቅጠሉ ላይ ትንሽ ቆንጣጭ አድርጎ ለሃያ ደቂቃ ብርሃን ከለከለው። ከዚያ መሣሪያውን ሰክቶ ብልጭ አደረገበት። ቅጠሉ ብርሃንን ምን ያህል ሥራ ላይ ማዋል እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ወጣ፦ 0.81። ጤነኛ ቅጠል 0.83 አካባቢ ነው። ዘግይቶ የተዘራው ላይ ከሰዓት በኋላ 0.72 አነበብን። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅጠል የተቀበለውን ብርሃን ምግብ ይሠራበታል፣ የተረፈውን በሙቀት ይለቃል፣ ጥቂቷን ደግሞ መልሶ ቀይ ብርሃን አድርጎ ያወጣታል። ይህች ከተቀበለው አንድ ሁለት በመቶ ብትሆን ነው። በዓይን አትታይም። መሣሪያው ግን እሷን ለክቶ የቅጠሉ የውስጥ ሥራ መታመም አለመታመሙን ይናገራል፤ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እያለ።

«በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ» አልኩት። ማታ ከአንድ ሱቅ የብር መፈተሻዋን ሐምራዊ መብራት ተዋሰ። ጥቂት ቅጠል በፋርማሲ አልኮል ፈጭቶ ብርጭቆ ውስጥ አጠለለው። በሻማ ስናየው አረንጓዴ ነው። ሻማውን አጥፍቶ ሐምራዊውን መብራት ሲያበራበት ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ብርሃኑ ከራሱ ከፈሳሹ ነው የሚወጣው። ክሎሮፊሉ፣ ማለትም አረንጓዴው ቀለም፣ ከቅጠሉ ሲወጣ የተቀበለውን ብርሃን ለማን ያቀብል? መልሶ ያበራዋል። ባለሱቁ ተከትሎን መጥቶ ነበር። ከኪሱ 200 ብር አውጥቶ እሱንም አብረን አየነው።

በነጋታው ከመሄዴ በፊት ከማሳዎቹ ወዲያ ወሰደኝ። ሰፊ ሜዳ ነው፣ ላዩ ነጭ። ከሩቅ ውርጭ መስሎኝ ነበር፤ እኛ አገር ጥቅምት ላይ እንደዚያ ነው የሚነጋው። ጨው ነው። ለዓመታት ጥጥ ሲመረትበት የነበረ መሬት ነው። የመስኖ ውሃ ይጠጣል፣ የሚወጣበት በቂ ማፋሰሻ የለውም፣ ከሥር ያለው ውሃ ከፍ ይላል፣ ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨዉን ትተዋለች። ስንዴው ሙቀቱን የሚችለው በአዋሽ ውሃ ነው፤ መሬቱን ጨዋማ የሚያደርገውም ያው ውሃ ነው። ሁለታችንም ብዙ አላወራንም።

መልሱ መንገድ ረጅም ነበር፣ አብዛኛውን ተኛሁበት። አዳማ ወርጄ እንደ ባለሱቁ ያለች ሐምራዊ መብራት በ180 ብር ገዛሁ። አሰላ ስደርስ መሽቷል፣ ሹራቤን ለበስኩ። እናቴ ስንዴው ምን ያህል ይረዝማል ብላ ጠየቀችኝ። በእጄ አሳየኋት። «ይቸኩላላ፣ ምን ያድርግ» አለች።

ከጓሮ የጎመን ቅጠል ቆርጬ በአልኮል ፈጨሁላት። መብራቱን አጥፍቼ ሐምራዊውን ሳበራ አማተበች። ከዚያ በሩን ከፍታ ጎረቤታችንን ጠራቻት፦ «እትዬ፣ ነይ እስቲ ጎመኑን እዪልኝ!»