ከአኦርታ ግድግዳ ውስጥ ባክቴሪያ የፈለግሁበት መንገድ

ካበጠ አኦርታ (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) የባክቴሪያ ዲኤንኤ ማግኘት ቀላል ነው። ከባዱ ያ ዲኤንኤ ቢላው ግድግዳውን ሳይነካ በፊት እዚያ እንደነበረ ማሳየት ነው። አብዛኛው ልፋቴም የሄደው ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ያለቀለት ነው፤ ባክቴሪያ አኦርታን በቀጥታ ያበላሻል። ቂጥኝ ግድግዳውን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ደፍኖ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ላይ የሚወጣውን የአኦርታ ክፍል ያሳብጣል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ሳልሞኔላ ግድግዳውን በልተው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ከረጢት የመሰለ እብጠት ይፈጥራሉ። ሐኪሙ ዊሊያም ኦስለር እ.ኤ.አ. በ1885 «ማይኮቲክ» ያለው ይህንን ነው፤ ቃሉ ፈንገስን ቢያስታውስም አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ገና ያከራክራል፦ በዕድሜና በሲጋራ የሚመጣው የተለመደው የሆድ አኦርታ እብጠት (3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ) ውስጥ እንደ ክላሚዲያ ኒሞኒዬ ወይም የድዱ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ያሉ ባክቴሪያዎች ብግነቱን ያባብሱታል ወይ? እኔ የሠራሁት በዚህ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ከግድግዳው ሙሉ ውፍረት ያለው ቁራጭ ወስጄ በሦስት እከፍለዋለሁ፦ አንዱ ለካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ ለማየት)፣ አንዱ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዞ በ−80 ዲግሪ ለሚቀመጥ፣ አንዱ ለማይክሮስኮፕ በፎርማሊን። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚቆራርጥ የፎርማሊኑን ቁራጭ ለፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ ለመለየት የሚሠራ ምርመራ) አልጠቀምበትም። በውስጡ የረጋውን ደም ለብቻው አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ትቼው የተጸጸትኩበት ነገር ግን የንጽጽር ናሙና ነው፤ አሁን ከተቀደደው ቆዳ ጠርዝ ትንሽ ቁራጭና ቁስሉ ከታጠበበት ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ሳልወስድ አልወጣም። የቆዳው ባክቴሪያ ኩቲባክቴሪየም አክኒስ አኦርታው ላይም ቆዳው ጠርዝ ላይም ሲገኝ ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ የሚያስችለኝ ይህ ብቻ ነው።

ካልቸሩ ባዶ ሆነ ማለት ባክቴሪያ የለም ማለት አይደለም። ታካሚው ከመቀደዱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በፊት መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል፤ ይህንን መከልከል አይቻልም፣ አይገባምም። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስምና ሰዓቱን ከናሙናው ጋር እመዘግባለሁ።

ዲኤንኤ ለማውጣት 25 ሚሊ ግራም ይበቃል። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያዎች ወፍራም ግድግዳ ስላላቸው መጀመሪያ በሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ላይሶዛይም (ያንን ግድግዳ የሚያፈርስ ኢንዛይም) ባለው መፍትሔ፣ በ37 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ ፕሮቲን የሚፈታውን ኢንዛይም ፕሮቲኔዝ ኬ ጨምሬ በ56 ዲግሪ አሳድረዋለሁ። አኦርታ ኮላጅንና ኢላስቲን ነው፤ ለጉበት የሚበቃው ሦስት ሰዓት ለዚህ አይበቃም፣ ያልተፈታ ክር ማጣሪያውን ይደፍነዋል።

በእያንዳንዱ ዙር ሥጋ ያልገባበት አንድ ባዶ ቱቦ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል። ፒሲአሩ ላይ ብቻ ውኃ መጨመር ይህንን አይተካም፤ ብክለቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከማውጫ ኪቱ ነውና። ራልስቶኒያ፣ ብራዲራይዞቢየምና ሱዶሞናስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ከባዶው ቱቦ ሲወጡ ማየት የተለመደ ነው። እነዚሁ ስሞች በአኦርታው ውጤት ላይ ሲደገሙ «የአኦርታ ማይክሮባዮም» ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ሕጌ ጥብቅ ነው፦ በባዶው ቱቦ የታየ ስም ከውጤቱ ይሰረዛል። በዚህ እውነተኛ ሱዶሞናስ ሊያመልጠኝ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ካልቸሩ ካላረጋገጠው ግን አልከራከርለትም።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ አለ፤ ባክቴሪያው እያለ ፒሲአሩ ዝም ይላል። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን፣ የደም ሄምና ከደነደነው ግድግዳ የሚወጣው ካልሲየም ሁሉም ፒሲአርን ያፍናሉ። ምልክቱ፣ በብዛት ያለው የሰው ዘረመል እንኳ ዘግይቶ መታየቱ ነው። ናሙናውን አሥር እጥፍ አቅጥኜ ስደግመው ቶሎ ከታየ አፋኝ ነገር አለ ማለት ነው። ማቅጠን ግን ጥቂቱን ባክቴሪያም ያሳሳዋል፤ ሄፓሪን ከሆነ በሄፓሪኔዝ ማጽዳት ይሻላል።

ለባክቴሪያ ሁሉ የሚሠሩት የ16ኤስ ፕራይመሮችም (ባክቴሪያዎች ሁሉ ያላቸውን 16ኤስ ዘረመል ፒሲአሩ እንዲያባዛ የሚያስጀምሩ አጫጭር ዲኤንኤዎች) ሌላ ወጥመድ አላቸው። ከአንድ ባክቴሪያ ሴል ጎን እጅግ ብዙ የሰው ሴል ስላለ አንዳንዶቹ የሰውን ማይቶኮንድሪያ ይይዛሉ። ጄሉ ላይ ያማረ መስመር ይታያል፣ ቅደም ተከተሉ ሲነበብ ሰው ነው። ስለዚህ ሳይነበብ «ፖዘቲቭ» አልልም። ለክላሚዲያ ኒሞኒዬ ደግሞ ሁለት ዙር ያለውን ኔስትድ ፒሲአር ትቻለሁ፤ ከአንደኛው ዙር በኋላ ቱቦው ሲከፈት በአየር ላይ የሚበተነው ቅጂ ቀጣዩን ናሙና ሁሉ ፖዘቲቭ ያደርጋል። ቱቦው የማይከፈት ሪል ታይም ፒሲአር፣ በሦስት ድግግሞሽ፣ ቢያንስ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ እቀበላለሁ።

ከሁሉ ያሳመነኝ ማየት ነው። ኢዩቢ338 የተባለው ፕሮብ (ባክቴሪያ ላይ የሚጣበቅ፣ ቀለም የተለጠፈበት አጭር ዲኤንኤ) ባክቴሪያን በቁራጩ ላይ ያበራል። አረንጓዴ ቀለም የተለጠፈበትን ስጠቀም ግን መስኩ በሙሉ በራ፤ ኢላስቲን በራሱ አረንጓዴ ያበራልና። የሞገድ ቅርጽ ያላቸው ንብርብሮች በተቆረጡበት ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ሆነው ክብ ባክቴሪያ ይመስላሉ። ወደ ሩቅ ቀይ (ሳይ5) ስቀይርና በጎን ኖን338 የተባለውን ምንም የማይዝ ፕሮብ ሳስቀምጥ ነጠብጣቦቹ ጠፉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ቦታው ነው፤ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ብቻ የተደረደረ ነገር ብክለት ነው፣ በመካከለኛው ሽፋን ውስጥ በኒውትሮፊል (ባክቴሪያን በሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች) ተከቦ የተገኘ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

ዲኤንኤ ተገኘ ብሎ አንቲባዮቲክ ማዘዝ ስህተት ነው። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ለ2 ዓመት የተሰጠበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ሙከራ የትንንሽ እብጠቶችን እድገት አላዘገየም። መድኃኒቱ ግድግዳውን የሚበሉትን ኢንዛይሞችም ስለሚያፍን፣ ቢሠራ ኖሮ እንኳ ባክቴሪያን ተጠያቂ አያደርግም ነበር። ፍሎሮኪኖሎኖች የተባሉት አንቲባዮቲኮች ደግሞ ራሳቸው አኦርታን ያሰጋሉ፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እብጠት ላለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ ከሌለ በስተቀር እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። ለተለመደው እብጠት ባክቴሪያ መንስኤ ነው የሚለው ማስረጃ በእኔ ግምት ደካማ ነው።

ሆኖም «የተለመደ» ተብሎ ከመጣ ናሙና በባዶው ቱቦም በቆዳውም የሌለ ሳልሞኔላ ወይም ኮክሲየላ ሲነበብ ዙሩ እስኪያልቅ አልጠብቅም፤ በዚያው ሰዓት ለቀዶ ሐኪሙ እደውላለሁ። ሰው ሠራሽ ቧንቧው የተሰፋው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከተለያዩ ደም መልሶች ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ የደም ካልቸር፣ በጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ መወሰድ አለበት። ኮክሲየላ በተለመደው ካልቸር ስለማይበቅል ለብቻው የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ይጠየቅለታል፤ ሕክምናው ዶክሲሳይክሊንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ቢያንስ ለ18 ወራት ነው።