ቅጹ ላይ ቦታ ያጣው ወረቀት

የደረጃ እድገት ሰሞን ትምህርት ቤታችን አካባቢ ፋታ የሚያጣው ርዕሰ መምህሩ ሳይሆን ፎቶ ኮፒ አንሺው ነው። የድሮ ሰርተፊኬት ከሣጥን ሥር ይወጣል። የሥልጠና ደብዳቤ ይፈለጋል። ማህተሙ የደበዘዘ ወረቀት ተይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ያ ሁሉ ወረቀት በፕላስቲክ እየገባ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይታሰርና ማህደረ ተግባር ይባላል። በአፋችን ግን ፖርትፎሊዮ ነው የምንለው።

ከሙያው ውጭ ላላችሁ ትንሽ ላብራራ። መምህርነት መሰላል አለው። ጀማሪ መምህር ብለህ ትጀምራለህ። ከዚያ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያልክ ወደ ከፍተኛ መሪ መምህር ትወጣለህ። ደመወዝም ከእርከኑ ጋር ይወጣል፤ እና ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም፣ የዘይትና የቤት ኪራይም ነው። ከዚህ ሌላ የሙያ ፈቃድ አለ፤ እሱም ከጽሑፍ ፈተናው ጋር ማህደረ ተግባር ይጠይቃል። በዚህ ላይ በዓመት 60 ሰዓት ሲፒዲ፣ ማለትም ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ አለብህ። መዞሪያው ሁሉ ወረቀት ነው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ እስከ 8ኛ ክፍል በሚያስተምር ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። ፋይል የሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ የገባሁት ምርጫው ሲካሄድ ስብሰባው ላይ ስላልነበርኩ ነው። በእኛ አገር ኮሚቴ የሚመረጠው የቀረ ሰው መሆኑን ታውቃላችሁ።

ከሰዓት ነው። ሐይቁ ቅርብ ቢሆንም ንፋስ የለም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰብሳቢ፣ የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚከታተለው የክላስተር ሱፐርቫይዘር፣ የመምህራን ማህበር ተወካይዋ፣ እኔና ሌላ አንድ ሰው የማስተማሪያ መርጃ በሚሠራበት ክፍል፣ ፔዳጎጂካል ማዕከሉ ውስጥ ላብ በላብ ሆነን ቁጭ ብለናል።

መጀመሪያ የተከፈተው የጠቅላላ ሳይንስ መምህሩ ፋይል ነው። ወጣት ነው፣ ልጆች ይወዱታል። ፋይሉ ደግሞ ሸክም ነው። ማውጫ አለው፤ ሰርተፊኬቱ ሁሉ ላሚኔት ተደርጓል፤ ችግኝ የተከለበት ፎቶ ሳይቀር በቀለም ታትሞ ገብቷል። አክሽን ሪሰርቹ፣ ማለትም ተግባራዊ ጥናቱ፣ «የተማሪዎች ማርፈድ መንስኤዎችና መፍትሔዎቻቸው» ይላል። ስለ ማርፈድ በየትምህርት ቤቱ የተጻፈው አክሽን ሪሰርች ቢቆለል የታቦርን ተራራ ያህላል። ተማሪው ግን እስከ ዛሬ ያረፍዳል።

ሱፐርቫይዘሩ እየገለጠ ሄዶ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ። ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ጥናቱ ይርጋለም ከተማ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን ላይ ያተኩራል።»

ይርጋለም! ሽፋኑ ላይ የእኛ ትምህርት ቤት ስም ተጽፏል፤ ውስጡ ግን ይርጋለም ነው። ሳቅን። ቀጥሎ ደግሞ ዝም አልን፤ ምክንያቱም ሁላችንም ያለቀ አክሽን ሪሰርች በፍላሽ የሚሸጥበትን ቤት እናውቃለን። ሰብሳቢው «ለጊዜው ይቀመጥ» አለና ሁለተኛውን ሳበ።

ሁለተኛው የጋሼ ነው። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፤ ሒሳብ ያስተምራሉ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዛሬ አብረውን ያስተምራሉ። ፋይላቸው ቀጭን ክላሰር ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ ጥቂት የሥልጠና ወረቀት፣ ከዚያ ከደብተር የተቀደዱ ሉሆች። ሰብሳቢው ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። «የቀረው የት አለ?» አለ።

የቀረ የለም። የመጀመሪያው ሉህ የአንዲት ልጅ የክፍል ሥራ ነው። ስሟ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ 1/2 + 1/3 = 2/5። ጋሼ ኤክስ አላደረጉበትም። በጎን በቀይ እስክሪብቶ «እንዴት አገኘሽው?» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ በራሳቸው እጅ የልጅቷን መልስ አስፍረዋል፦ «ሰኞ ከ2 ጥያቄ 1 አገኘሁ። ረቡዕ ከ3 ጥያቄ 1 አገኘሁ። ሲደመር ከ5 ጥያቄ 2 ነው።»

እኔ ከክፍልፋይ ጋር ከተለያየሁ ዘመን የለውም። ግን ይህን ሳነብ ቀጥ አልኩ። ልጅቷ እኮ አልቀለደችም! እኛ ራሳችን ሮስተር ላይ፣ የውጤት መዝገቡ ላይ፣ ነጥብ የምንደምረው እንደዚያ ነው። ከ2 አንድ እና ከ3 አንድ፣ በጠቅላላው ከ5 ሁለት። ሂሳቧ ለነጥብ ልክ ነው፤ ለክፍልፋይ ነው የማይሠራው። ጋሼም ያንን ጽፈዋል፦ «ያጠፋችው ሳታስብ ቀርታ አይደለም። ነጥብ ስንደምር አይታ ነው። እኛ ነን ያስተማርናት።»

ቀጣዩ ሉህ የማግስቱ ትምህርት ነው። ጋሼ አዲስ ሕግ አላስተማሩም። ልጆቹን አንድ ጥያቄ ጠየቋቸው፦ 2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ያንሳል። ታዲያ ግማሽ ላይ ጨምረን እንዴት አነሰ? ክፍሉ ተንጫጫ ይላል ማስታወሻቸው። ከዚያ ወረቀት አሳጠፏቸው። በአንድ በኩል ለሁለት፣ በሌላው በኩል ለሦስት። ሲዘረጋ ስድስት ቤት ይሆናል። ግማሹ ሦስት ቤት፣ ሢሶው ሁለት ቤት፣ በድምሩ ከስድስት አምስት። የታጠፈው ወረቀት ራሱ ተያይዟል፤ አንዱ ልጅ ሦስት ቦታ ሲያጥፍ አንጋዶታል።

እኔን የገረመኝ ግን የመጨረሻው ሉህ ነው። ሰው ለእድገት ሲያመለክት የተሳካለትን ይጽፋል። ጋሼ ያልተሳካውን ጽፈዋል። ከሳምንት በኋላ በሰጡት ፈተና ሦስት ልጆች አሁንም ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ይደምራሉ። ሁለቱ የዚያን ቀን ቀሪ ነበሩ። ሌላ አንድ ልጅ ደግሞ 1/2 + 1/4ን ስምንት ቤት ስሎ 6/8 አለ። ልክ ነው፤ ግን አራት ቤት እንደሚበቃ አላየም፣ 3/4 ማለት እንደሆነም አላወቀ። «ወረቀቱን ተደገፉበት፤ አሁን ደግሞ ማስጣል አለብኝ» ይላል።

ሰብሳቢው ቅጹን አነሳ። ቅጹ ላይ ሣጥኖች አሉ፦ ሥልጠና፣ ተግባራዊ ጥናት፣ የማህበረሰብ ተሳትፎ፣ ሌላም ሌላም። «ይሄ የት ይገባል?» አለ።

ዝም።

«ተግባራዊ ጥናት ነዋ» አለች የማህበር ተወካይዋ።

«ምዕራፍ የለው፣ ናሙና አወሳሰድ የለው፣ ዋቢ የለው! እንዴት አድርጌ ነው ነጥብ የምሰጠው? ነገ ኦዲት ሲመጣ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ሰውየው ክፉ አይደለም። ቅጹ ያለውን ነው ያለው። ሴትየዋ ግን አልለቀቀችም። «ሲፒዲ ላይ ችግር ለዩ፣ አቅዱ፣ ተግብሩ፣ ገምግሙ ብላችሁ ስታሠለጥኑን የከረማችሁት ምንድነው? ጋሼ ያደረጉት ያንን አይደል? ያጎደሉት የታተመ ሽፋን ነው።»

ሜሪላንድ የሚያስተምር የቀድሞ ባልደረባችን ትዝ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ ናሽናል ቦርድ የሚባል፣ በ1987 እንደ ፈረንጆቹ የተቋቋመ፣ ልምድ ላላቸው መምህራን ከመደበኛው ፈቃድ በላይ የሆነ ከፍተኛ የሙያ ሰርተፊኬት የሚሰጥ ድርጅት አለ። ሰርተፊኬቱን ለማግኘት ቢያንስ ሦስት ዓመት ማስተማር ያስፈልጋል። ባልደረባችን እየተዘጋጀ በነበረበት ሰሞን በቴሌግራም ድምፅ እየላከ ያማርረኝ ነበር። አራት ክፍል አለው። አንዱ በኮምፒውተር የሚሰጥ የትምህርት ዓይነቱ ፈተና ነው። የቀሩት ሦስቱ ከራስህ ክፍል የሚመጡ ናቸው፦ የተማሪ ሥራ ከነማብራሪያው፣ ስታስተምር የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ተማሪዎችህን ለማወቅና ራስህን ለማሻሻል የሠራኸው ሥራ። ለእያንዳንዱ ክፍል 475 ዶላር ይከፈላል፤ በድምሩ 1,900። ሜሪላንድ ላይ ያለፈ መምህር ደመወዙ ላይ በዓመት 10,000 ዶላር ይጨመርለታል፤ ሰውየው የተፍጨረጨረው ለዚህ ነው። ያለፈም ቢሆን በአምስት ዓመቱ ያድሳል።

ብሩን ትተን፣ ሲያማርር አንዲት ነገር ብሎኝ ነበር፦ «ሰርተፊኬቴን ማንም አልጠየቀኝም። ለምን እንደዚያ አደረግክ፣ ልጁስ ምን ሆነ፣ እሱን ነው የሚሉኝ። ለምን ሲሉህ ከየትም አትገለብጠው።»

ይህን ለኮሚቴው ነገርኳቸው። አገሩ ሌላ፣ ገንዘቡ ሌላ፣ እኛ ቅጽ የመቀየር ሥልጣን የለንም። ግን ሁለቱንም ጠርተን ስለ አንድ ትምህርታቸው ብንጠይቅ የሚከለክለን ሕግ የለም አልኩ። ሱፐርቫይዘሩ ደገፈኝ።

ጋሼን መጥራት ብዙም አላስፈለገም፤ የጻፉትን ነው የደገሙት። ወጣቱ ግን ይርጋለም የሚለውን ሲያይ ፊቱ ተቀያየረ። አልካደም። «ጊዜ የለኝም» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነኝ፤ ማታ ማታ ቲቶር አለብኝ። ሁሉም የሚያስገባው ይህንኑ ነው።» ሱፐርቫይዘሩ ተቆጣ። መቆጣትም ነበረበት፤ የሰው ሥራ በራስ ስም ማስገባት በምንም አይታጠብም። ጥናቱ ዜሮ ሆነ፤ ልጁም ተቀበለ።

ሊወጣ ሲል የማህበር ተወካይዋ «ቆይ፣ ዘንድሮ ያስተማርከውን አንድ ነገር ንገረን እስቲ፣ ልጆቹ እምቢ ያሉህን» አለችው።

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ስለ በረዶ ሃይላንድ ማውራት ጀመረ። ከፍሪጅ የወጣ ሃይላንድ ውጪው ያልበዋል አይደል? ልጆቹ ውሃው ከውስጥ ሾልኮ ነው አሉት። አየር ውስጥ ውሃ አለ ቢላቸው ጻፉት እንጂ አላመኑትም። ስለዚህ ውሃውን በቀይ ቀለም በጥብጦ፣ በር ላይ ያለችውን ባለ ሱቅ ለምኖ ፍሪጅ ውስጥ አሳደረው። በማግስቱ ክፍል አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አቆመው። የሐዋሳ አየር እርጥብ ነው፣ ወዲያው አላበው። በነጭ ሶፍት ጠረገና አሳያቸው፤ ሶፍቱ ነጭ ነው። ሾልኮ ቢሆን ቀይ ይሆን ነበር።

«አመኑ?» አልኩት።

«የት! አንዱ ተነስቶ ‹ቲቸር፣ ቀለሙ ወፍራም ስለሆነ አላልፍ ብሎ ነው፤ ውሃው ብቻውን ነው የወጣው› አለኝ።» ሳቀ። «እውነቱን ነው እኮ፣ ጥሩ ጥርጣሬ ነው። በማግስቱ ባዶ ብርጭቆ አቀዝቅዤ አመጣሁ። ባዶውም አላበው። ያኔ ዝም አሉ።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀምጦ ነበር የሚያዳምጠው። «ይሄ ፋይልህ ውስጥ የት አለ?» አለው።

«ይሄማ ማስተማር ነው» አለ ልጁ፤ ግራ ገብቶት። «ለዚህም ነጥብ አለው እንዴ?»

የዚያን ቀን ከተባለው ሁሉ እኔ ዘንድ የቀረው ይህ ነው። ጥሩ መምህር ነው፤ ጥሩ መሆኑን የሚያሳየውን ነገር ማስረጃ ብሎ አልቆጠረውም። ስለዚህ የእሱ ያልሆነውን ገዝቶ አስገባ። ለመገልበጡ እሱ ይጠየቅበት። ልፋቱን ከማስረጃ እንዳይቆጥር ያስተማረው ግን ባለ ሣጥኑ ቅጽ ነው፤ ቅጹን ከላይ እስከ ታች እንደ ቃለ መሐላ የምናነበው እኛም አለንበት።

ውጤቱ? ለጋሼ ሥራ ተግባራዊ ጥናት ተብሎ ከፊል ነጥብ ተሰጠ። ሙሉ ይሰጥ ያልነው ሁለት ነበርን፤ ተሸነፍን። ጋሼ ቅሬታ አላቀረቡም፤ «ለሚቀጥለው ሽፋን አሠራለታለሁ» ብለው ቀለዱ።

ከዚያ ወዲህ ከሲፒዲው ሰዓት ላይ ቀንሰን፣ እያንዳንዱ ዲፓርትመንት የተሳሳተ የተማሪ ወረቀት ይዞ እንዲቀመጥ ተስማማን። የመጀመሪያው ዙር አስቂኝ ነበር። መምህሩ ሁሉ ከ10 አሥር ያገኘ ተማሪ ወረቀት ይዞ መጣ። ጋሼ አንዱን አነሱና «ይሄ ልጅ አንተ ባትኖርም ያገኘዋል። ያላገኘውን አምጣልን» አሉ። ሁለተኛው ዙር ላይ ሻል አለ። እኔ ራሴ «እና» እያሉ ሙሉ ገጽ ያለ አራት ነጥብ የሚጽፉ ልጆች ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ለካ የእንግሊዝኛዋ መምህርትም ያው ችግር አለባት፤ ልጆቹም ያው ናቸው። አብረን ማስተማር ጀመርን።

አሁን ክርክሩ ቪዲዮ ላይ ነው። ወጣቱ የሳይንስ መምህር በስልክ እንቀረጽ ይላል። ሰብሳቢው የወላጅ ፈቃድ ሳይኖር አይሆንም አለ፤ እውነቱን ነው፣ ሜሪላንድ ያለው ወዳጃችንም ወላጅ ሁሉ ሳይፈርምለት ካሜራ እንደማያበራ ነግሮናል። የፈቃዱን ወረቀት የማህበር ተወካይዋ አርቅቃለች። የወላጅ ስብሰባ ላይ ይቀርባል።