የመጀመሪያዬን የቀለብ ክስ ስጽፍ

የሕግ ትምህርት ቤት ለተግባር ልምምድ ሲያስወጣን አብዛኛው ተማሪ ፍርድ ቤት መረጠ። እኔ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይሻለኛል አልኩ። ችሎት የሚደርሰው ተጽፎ ያለቀ ክስ ነው፤ እኔ ደግሞ ክሱ እንዴት እንደሚወለድ ማየት ፈልጌ ነበር።

አንዲት እናት ለልጃቸው ቀለብ ሊጠይቁ መጡ። የፈተና ጥያቄ ቢሆን ፍሬ ነገሩ በአራት መስመር ተስተካክሎ ይቀርብልኝ ነበር። እሳቸው ግን ታሪኩን የጀመሩት ከአማታቸው ነው። ከዚያ ወደ ቤት ኪራዩ፣ ከዚያ ልጁ ወደታመመበት ጊዜ ሄዱ። አላቋረጥኳቸውም። ሲጨርሱ የሰማሁትን በጊዜ ቅደም ተከተል መልሼ ነገርኳቸው። «አይደለም ልጄ፣ መጀመሪያ እሱ ነው ጥሎን የወጣው» ብለው አረሙኝ። ያቺ እርማት የክሱን ታሪክ አስተካከለችው። ዛሬም ማንንም ሳነጋግር የሰማሁትን መልሼ ሳልነግር አልጽፍም።

ቀጥዬ አንድ ወረቀት ለሦስት ከፈልኩ፦ ፍሬ ነገር፣ ማስረጃ፣ የሕግ ድንጋጌ። አባትነቱን የልደት ምስክር ወረቀቱ ያሳያል። ልጁን ብቻቸውን እንደሚያሳድጉ ጎረቤት ይመሰክራል። የአባትየው ገቢ ላይ ስንደርስ ግን ቦታው ባዶ ሆነ፤ ደመወዙን አያውቁም። ቀለብ ሲወሰን ደግሞ የተቀባዩ ችግር ብቻ ሳይሆን የከፋዩ አቅምም ይታያል። የሚከታተለን ጠበቃ መፍትሔውን አሳየኝ፦ መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን እንዲገልጽ ፍርድ ቤቱ ትዕዛዝ እንዲሰጥልን እዚያው አቤቱታው ላይ መጠየቅ። ይህን ማንም ክፍል ውስጥ አልነገረኝም።

የክስ ማመልከቻ ምን መያዝ እንዳለበት የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 222 ይዘረዝራል፤ የማስረጃ ዝርዝሩ በ223 ነው። መጨረሻ ላይ በቁጥር 92 መሠረት እውነት ስለመሆኑ ይረጋገጣል። ይህ ቅርጹ ነው፣ ቶሎ ይለመዳል።

ደጋግሜ የጻፍኩት የዳኝነት ጥያቄውን ክፍል፣ ማለትም ፍርድ ቤቱ እንዲወስንልን የምንጠይቀውን ነው። «ተገቢው ቀለብ ይወሰንልኝ» ማለት አይበቃም። በወር ስንት? ከመቼ ጀምሮ? በምን መንገድ ይከፈል? ዳኛ ያልተጠየቀውን አይሰጥም። ስለዚህ የልጁን ወጪ ከእናትየው ጋር አንድ በአንድ አስልተን መጠኑን ጻፍን። የዳኝነት ክፍያ መክፈል ስለማይችሉም በዚሁ ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች መሠረት በነፃ ለመክሰስ እንዲፈቀድላቸው ለብቻው አመለከትን።

ምስለ ችሎት፣ ተማሪዎች በፈጠራ ጉዳይ የሚከራከሩበትን ልምምድ፣ እወዳለሁ፤ ለክርክር ያዘጋጃል። እዚያ ግን ባለጉዳይ የለም፣ የሚጠፋ ማስረጃም የለም። ለልምምድ የምትወጡ ተማሪዎች ፋይል እየገለበጣችሁ ጊዜያችሁ እንዳያልቅ። አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ክሱን እስከሚቀበለው የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር መስኮት ድረስ ይሰጠን በሉ። እምቢ ከተባላችሁም ቢያንስ ባለጉዳይ ሲነጋገር አጠገብ ለመቀመጥ ፈቃድ ጠይቁ። የሰማችሁትን ግን ከማዕከሉ ውጭ ለማንም አታውሩ፣ ለጓደኛም ቢሆን።