በግማሽ የገጠመችኝ እናቴ

ስሙ የተመሰገነ ይሁን! ማይሎይድ የሚባለው ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር ማለት ነው፣ የያዘኝ ሜሪላንድ እየኖርኩ ነው። ኬሞ ብቻውን አይበቃሽም፣ የሌላ ሰው ስቴም ሴል፣ ደም የሚያመርተው ሴል፣ ያስፈልግሻል አሉኝ። ወንድሜ ተመረመረ፤ አልገጠመም። የእናት ያባት ልጅ እንኳ ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። በለጋሾች መዝገብ ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ጥቂት ነው። ወራት አለፉ። ከፈጣሪ ጋር ተጣላሁ፣ አልዋሽም። "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?" የሚለውን ዳዊት የምደግመው ለጸሎት ሳይሆን ለክስ ነበር።

የቀረችው እማዬ ናት። እናት ለልጇ በግማሽ ትገጥማለች። "ግማሽ" ሲሉኝ ሆዴ ባር ባር አለው።

ሴሉ ከገባልኝ በኋላ ያቺ ሌሊት መጣች። ነጭ የደም ሴል የሚባል የለኝም። ትኩሳቴ 40 ገባ። አልጋው እስኪነቃነቅ ተንቀጠቀጥኩ። ጸበሉን ገና ከበር መልሰውታል፤ ያልተጣራ ውሃ አይገባም ብለው። እማዬ ማስኳን አድርጋ፣ በጓንት እግሬን ይዛ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል። ተረኛዋ ነርስ፣ እግዜር ውለታዋን ይክፈላት፣ ላብ ያረሰውን አንሶላ ደጋግማ ቀየረችልኝ። ሊነጋጋ ሲል ትኩሳቱ በረድ አለ።

ጠዋት ሐኪሙ ሲገባ እማዬ "የኔ ደም ታዲያ ምን እየሠራ ነው?" አለች። ተረጎምኩለት፤ ሳቀ። ናቹራል ኪለር የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ ቶሎ ከሚያገግሙት ናቸው አለን። እንደ ግቢ ዘበኛ መታወቂያ ያያሉ። የሚያውቁት ካለ ያልፋሉ፣ ከሌለ ይገድላሉ። የእማዬ ሴሎች ከሚፈልጉት መታወቂያ አንዱ በእኔ ሴሎች ላይ የለም። የተደበቀ ሉኪሚያ ካለ አይለቁትም ማለት ነው። ጤነኛ አካሌን የማጥቃት ጣጣ በአብዛኛው የሚመጣው ቲ ሴል ከሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች እንጂ ከእነሱ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ የፔሩጂያ ሐኪሞች በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ እንዲህ ዓይነት አለመግጠም በነበራቸው የማይሎይድ ታማሚዎች ላይ በሽታው የመመለሱ ነገር እጅግ ቀንሶ ታይቷል። "በሁሉም ንቅለ ተከላ ግን እንዲህ አይሆንም፣ ቃል አልገባም" አለን።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ያማረርኩት እኮ በዚያው ባልገጠመው ግማሽ ነበር!

የመጨረሻው የመቅኔ ምርመራዬ ንጹህ ነው፣ ክብር ለመድኃኔዓለም። ሾርባ ያመላለሳችሁልኝ የማኅበር እህቶቼ፣ እጃችሁ ይባረክ። ወጣቶች፣ ከጉንጫችሁ ውስጥ በጥጥ ናሙና ሰጥታችሁ መዝገቡ ላይ ግቡ። እናቷ በሕይወት የሌለች ልጅ ትኖራለች።