ዋስትና ያለው ስልክ ሲበላሽ መጀመሪያ ማን ይክፈተው?

መርካቶም ሆነ ሜክሲኮ ስልክ ጠጋኝ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሩዝ ፍሬ ያነሰ አይሲ (የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ) ነቅለው የሚተክሉ፣ ሙያቸውን አሳምረው የሚያውቁ ባለሙያዎች ሞልተዋል። ዋስትናው ያላለቀ ስልክ ግን ለእነሱ ቀድሞ መሰጠት የለበትም። ብዙ አምራቾች የውስጥ ብሎን ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፋሉ። እሷ ከተቀደደች ወይም የጀርባ ክዳኑ ማጣበቂያ ተነስቶ ከተገኘ ዋስትናውን የሚያስተናግደው የአምራቹ የጥገና ማዕከል «ሌላ ሰው ከፍቶታል» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ጉድለቱ ከፋብሪካ የመጣ መሆኑን ማስረዳት እጅግ ከባድ ነው፤ ውስጡን ማን ምን እንደነካው የሚታወቅበት መንገድ የለምና። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። ሳምሰንግ ላይ የኩባንያው ያልሆነ ሶፍትዌር ከተጫነ ኖክስ የሚባለው ጥበቃ ይሰበራል፤ ምልክቱ በፎርማትም ሆነ ሶፍትዌሩን እንደገና በመጫን (ፍላሽ በማድረግ) አይጠፋም።

ወደ ጥገና ማዕከሉ ለመሄድ ከቤት ሳትወጡ የዋስትና ሰነዶቻችሁን አሟሉ። መደወያው ላይ *#06# ስትጽፉ ባለ 15 አኃዝ የአይኤምኢአይ ቁጥር (የስልኩ መለያ) ይመጣል፤ ባለሁለት ሲም ስልክ ሁለት ቁጥር ያሳያል። ስልኩ ጨርሶ ካልበራ ካርቶኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ ከዋስትና ካርዱና ከደረሰኙ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ካርቶን ተቀያይሮ የተሸጠ ስልክ የሚያዘው እዚህ ጋ ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ከሆነ የጥገና አገልግሎታቸው በሆነው በካርልኬር ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ፣ አይፎን ከሆነ በአፕል መፈተሻ ገጽ በሲሪያል ቁጥሩ ቀሪውን ጊዜ ማየት ይቻላል። ካርዱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ለስልኩ 12 ወር ተብሎ ለባትሪ፣ ለቻርጀርና ለኢርፎን ያነሰ ጊዜ መስጠት የተለመደ ነው።

ቀኑ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። ካርዱ ላይ «1/1/2018» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ሲጻፍ፣ የኩባንያው ኮምፒውተር የሚያውቀው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025ን ነው። መዝጋቢው 2018ን እንዳለ ካስገባው ዋስትናው ከዓመታት በፊት ያለፈ ይመስላል። ስትገዙ ሁለቱም ቀን እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ማህተምም ይመታበት። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ደግሞ ጽሑፉ በሙቀትና በብርሃን ይደበዝዛል፤ በገዛችሁበት ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ ፎቶም አንስታችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። ፎቶው የተበላሸው ስልክ ውስጥ ብቻ ካለ አይጠቅምም።

የፒያሳ ነገር ለብቻው መነሳት አለበት። በ2016 ፈረሳ ምክንያት በርካታ ሱቆች ቦታ ለቀዋል፤ ካርዱ ላይ ያለው አድራሻ ዛሬ ላይኖር ይችላል። ደረሰኙ ላይ የነጋዴው ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ስላለ፣ የሄደበትን ለማፈላለግም ሆነ አቤት ለማለት የሚያገለግላችሁ እሱ ነው። ያለ ደረሰኝ ትንሽ ቅናሽ አግኝቶ የገዛ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል።

ከዱባይ በሻንጣ የመጣ ስልክ ጉዳዩ ይለያል። ብዙ አምራቾች ዋስትናውን ለተሸጠበት አገር ወይም አካባቢ ብቻ ስለሚሰጡ፣ ድረ ገጹ «ዋስትና አለው» ቢልም አዲስ አበባ ላይ ላይሠራ ይችላል። ያኔ የሚቀረው የሱቁ ዋስትና ነው። እሱም የሚጸናው በተጻፈው ልክ ነው፤ ስንት ወር እንደሆነ፣ ስክሪንና ቦርድ (ዋናውን የውስጥ ሰሌዳ) ይጨምር እንደሆነ፣ መቀየር ይሁን መጠገን ብቻ ሳትከፍሉ አስጽፉ።

ቀጥሎ ብልሽቱ የስልኩ መሆኑን ለዩ። ቻርጅ አልይዝ ካለ በሌላ ቻርጀር፣ በሌላ ገመድ፣ በሌላ ሶኬት ሞክሩ። መሰኪያው ውስጥ ከኪስ የሚገባ ብናኝ ተጠቅጥቆ ገመዱ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል፤ ስልኩን አጥፍታችሁ በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት፣ መርፌ ግን የውስጡን ፒን ያጣምማል። ኔትወርክ የሚጠፋ ከሆነ ሲሙን ሌላ ስልክ ላይ፣ የሌላ ሰው ሲም ደግሞ የእናንተ ላይ ሞክሩ፤ ቢቻል የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም። ሁሉም ሲም እናንተ ስልክ ላይ ብቻ ከጠፋ ችግሩ ስልኩ ላይ ነው። የሚንቀራፈፍ፣ የሚሞቅ፣ ራሱን እያጠፋ የሚበራ አንድሮይድ ከሆነ የጫናችኋቸውን አፖች በሚያግደው በሴፍ ሞድ አስነሱት፤ በብዙዎቹ ላይ የማጥፊያው ምልክት ሲመጣ እሱን ተጭኖ መያዝ ነው። እዚያ ላይ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው የጫናችሁት አፕ ነው። ሳምሰንግ ላይ *#0*# ስክሪኑን፣ ድምፁንና ካሜራውን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ብልሽቱ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ በሌላ ስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፤ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ደህና ሆኖ የሚገኝ ስልክ «ችግር የለበትም» ተብሎ ይመለሳል።

ዋስትና የማይሸፍነውንም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የተሰነጠቀ ስክሪን፣ ውሃ የገባበትና በኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የተቃጠለ አይካተትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ቻርጀሩን አልፎ የቻርጅ አይሲውን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀል ቀላሉ መከላከያ ነው። ውሃ መግባቱን የሚናገር ነጭ ምልክት ብዙ ስልክ ውስጥ አለ፤ እርጥበት ሲነካው ወደ ቀይ ወይም ሮዝ ይለወጣል። በአንዳንድ ስልክ የሲም ማስገቢያው ውስጥ በባትሪ መብራት ይታያል። ከማስረከባችሁ በፊት አይታችሁ ፎቶ አንሱት። የሚታይ ቦታ ላይ ካልሆነ፣ ሲከፈት አብራችሁ ለማየት ጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ማስረከቡ ላይ አትቸኩሉ። ሲምና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። የባንክና የቴሌብር ማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በሲሙ ነው፤ ተራ ስልክ ላይ ብታስገቡት *127# (ቴሌብር) እና *889# (ንግድ ባንክ) ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ፎቶና ስልክ ቁጥሮችን ገልብጣችሁ አስቀምጡ፤ ቦርድ ከተቀየረ ውስጡ ያለው ሁሉ ይሄዳል፣ ኢሲም (ስልኩ ውስጥ የሚጫን ካርድ አልባ ሲም) ከነበረም እንደገና ማስወጣት ግድ ነው። ስልኩ የሚሠራ ከሆነ የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ አስወግዳችሁ ፎርማት አድርጉት፤ አካውንቱ ሳይወጣ በሪከቨሪ (ስልኩ ሲነሳ በቁልፎች በሚከፈተው ገጽ) ቢፎርማት ያንኑ አካውንት እየጠየቀ ይቆለፋል። አይፎን ላይ «ፋይንድ ማይ» የሚባለው ስልክ ማፈላለጊያ መጥፋት አለበት። የስክሪን ኮዳችሁን ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ግን አልደግፍም፤ ለሙከራ ካስፈለገ ራሳችሁ ክፈቱላቸው።

የመረከቢያ ወረቀቱ ላይ አይኤምኢአይ፣ ቀን፣ የነበረ ጭረትና የብልሽቱ ዝርዝር ይጻፍ። «አይሠራም» የሚል ቃል ብቻ አትቀበሉ። «ባትሪው 40 ከመቶ ላይ እያለ ይጠፋል፣ ቻርጀር ሲሰካ ይበራል» ተብሎ ከተጻፈ ባለሙያው ከባትሪው ይጀምራል፤ ብልሽቱ ከተመለሰም ያው ብልሽት መሆኑን ታሳያላችሁ። «ከዋስትና ውጭ ከሆነ ሳልጠየቅ እንዳይጠገን» የሚል መስመርም አስጨምሩ፤ ያልተስማሙበት ሒሳብ የሚመጣው እሱ ሲጎድል ነው።

ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ ሞክሩት። ደውሉ፣ በሁለቱም ካሜራ ፎቶ አንሱ፣ ድምፅ ቅዱ፣ ዋይፋይ አገናኙ፣ ቻርጀር ሰኩ። ስልኩን ጆሮ ላይ ስታደርጉ ስክሪኑ መጥፋቱን እዩ፤ ስክሪን ሲቀየር ይህ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ይረሳል። *#06# ደግማችሁ ጻፉ። ቦርዱ ተቀይሮ ከሆነ ቁጥሩ ከካርቶኑ ጋር አይገጥምም፤ አሮጌውና አዲሱ ቁጥር ጎን ለጎን የተጻፈበት ማህተም ያለው ወረቀት ካልያዛችሁ ቀጣዩ ብልሽት ላይ ዋስትናችሁ ጥያቄ ውስጥ ይገባል፣ ስልኩን ስትሸጡም ገዢው የተሰረቀ ይመስለዋል። የተከፈተ ስልክ የውሃ መከላከያው ማጣበቂያ እንደ ፋብሪካው ላይሆን ስለሚችል፣ ከዚያ በኋላ ከውሃ አርቁት።

አዲስ ስልክ ገና ከመገዛቱ ጉድለት ካሳየ ጥገና ለመቀበል አትፍጠኑ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ጥያቄውን ቀን ጽፋችሁ በሁለት ቅጂ አቅርቡ፤ ባለሱቁ አንዱ ላይ ይፈርምላችሁ። እምቢ ካለ ደረሰኙን፣ ካርዱንና ያንን ቅጂ ይዛችሁ ሱቁ ወዳለበት ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ።